ዲግሪው ላይ የሚፈርመው ማን ነው?

በቅርቡ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ግል የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁ ናቸው። ዛሬ በአንድነት እመልሳቸዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ የራሱ ዲግሪ የለውም፤ ዲግሪውን አንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል አሉኝ። ይህ ማጭበርበር አይደለም?

አይደለም፤ የቆየ አሠራር ነው። በብሪታንያ ከ1960ዎቹ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን በሌላቸው ኮሌጆች ለተማሩ ሰዎች ዲግሪ የሚሰጥ ብሔራዊ ምክር ቤት ነበር። ዛሬ ይህንን የሚያደርጉት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፦ ሥርዓተ ትምህርቱን መርምረው ያጸድቃሉ፣ ከሌላ ተቋም የሚመጣ የውጭ ፈታኝ ይመድባሉ፣ ዲግሪውንም በራሳቸው ስም ይሰጣሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ትተው ዩኒቨርሲቲውን ይመርምሩ። የብሪታንያ መንግሥት ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ስሙን እዚያ ካገኙ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይጻፉ፤ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የፕሮግራሙን ስምና የሚማሩበትን ከተማ ጠቅሰው ያጸደቀው እርሱ መሆኑን ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ የሚያሳይዎትን ደብዳቤ ብቻ ይዘው አይወስኑ።

ሕንጻው ትልቅ ነው፤ መምህራኑም በሱፍና በከረባት ነው የሚመጡት።

ይህ ስለ ዲግሪው የሚነግርዎት ነገር የለም።

ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያላቸው ስምምነት ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ፕሮግራሙ ሦስት ዓመት ይፈጃል። «ይታደሳል፤ አትጨነቂ» ብለውኛል። ልመዝገብ?

እህቴ፣ በዚህ ሁኔታ አትመዝገቢ። የሚያስጨንቅሽን ነገር አይተሽ ሳለ አትጨነቂ የሚልሽን ሰው አትስሚ።

በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ዲግሪው ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም። ትክክለኛ የነበረው ውል በመሀል ሲቋረጥ ነው። የዌልስ ዩኒቨርሲቲ በተለያዩ አገሮች የብዙ ኮሌጆችን ፕሮግራም ያጸድቅ ነበር። የአንዳንዶቹ አጋሮች ገመና በጋዜጠኞች ሲጋለጥ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የሌሎችን ተቋማት ዲግሪ ማጽደቁን እንደሚያቆም አስታወቀ። ተቃራኒውም ይደርሳል። ጂኤስኤም ለንደን የተባለው የግል ኮሌጅ በ2019 እ.ኤ.አ. በገንዘብ እጦት ሲዘጋ፣ ዲግሪውን የሚያጸድቀው የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ግን በቦታው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ኖረ፣ የተማሪዎቹ የመማሪያ ክፍል ግን ተዘጋ።

ስለዚህ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። ስምምነቱ ቢቋረጥ ዩኒቨርሲቲው የተመዘገቡትን ተማሪዎች እስከ መጨረሻው ያስተምራል ወይስ ወደ ሌላ ተቋም ያዛውራል? ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ያለፍሻቸውን ኮርሶች ውጤት በመዝገቡ ይዞ ትራንስክሪፕት የሚሰጥሽ ማን ነው? መልሱ ከዩኒቨርሲቲው ካልመጣ እንደ መልስ አትቁጠሪው። የምዝገባ ውሉንም ከመፈረምሽ በፊት ለጠበቃ አሳዪ። ይህንን ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ፤ የሦስት ዓመት ዕድሜሽና የቤተሰብሽ ገንዘብ በውሉ ውስጥ አለና ክፍያ የሚመለስበትን አንቀጽ የሕግ ባለሙያ ያንብብልሽ።

በድረ ገጻቸው ላይ የታወቁ የእውቅና ሰጪዎች አርማ አለ። ይበቃል?

አይበቃም። በ1916 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኤ.ኤ.ሲ.ኤስ.ቢ. እና በ1967 የተመሠረተው የኤም.ቢ.ኤ. (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ዲግሪ) ማኅበር ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጡ የተከበሩ ተቋማት ናቸው፤ ራሳቸው ግን ዲግሪ አይሰጡም። የዩኒቨርሲቲው የቢዝነስ ፋኩልቲ ከእነርሱ ያገኘው እውቅናም ፕሮግራሙ ለጸደቀለት ትምህርት ቤት እንዲሁ አይተላለፍም። የእውቅና ሰጪውን ዝርዝር ራስዎ ከፍተው የትምህርት ቤቱን ስም ይፈልጉ። የማይታወቅ እውቅና ሰጪ ሲያዩ ደግሞ እርሱን ማን እንደሚያውቀው ይጠይቁ፤ ሐሰተኛ ዲግሪ የሚሸጡ ሰዎች ሐሰተኛ እውቅና ሰጪም ያቋቁማሉ።

ዲግሪው በአገሬ ለመንግሥት ሥራ ይቀበሉታል?

ይህንን እኔም ትምህርት ቤቱም ልንወስንልዎ አንችልም። በአገርዎ የውጭ ትምህርት ማስረጃ አቻ ግምት የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። እባክዎን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። በእንግሊዝ ሕጋዊ የሆነ ዲግሪ ሌላ አገር ሲደርስ የሚጠየቀው መስፈርት ሊለይ ይችላል፤ የተማሩበት አገርና በርቀት መማርዎ ጭምር ሊታዩ ይችላሉ።

የትምህርት ክፍያው ከግብር ይቀነስልኛል?

የሒሳብ ባለሙያ ይጠይቁ።

አንድ ተቋም ያለ ትምህርትና ያለ ፈተና፣ በሥራ ልምዴ ብቻ ኤም.ቢ.ኤ. በሁለት ሳምንት እልክልሃለሁ አለኝ።

አትክፈል። ትክክለኛ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ልምድህን መዝኖ ከአንዳንድ ኮርሶች ነጻ ሊያደርግህ ይችላል፤ ሙሉውን ዲግሪ ግን በልምድ ብቻ ጠቅልሎ አይልክልህም። የከፈልከው ካለ ዛሬውኑ ለባንክህ አሳውቅ።