ዩሲኤልኤ የድሮ ፊልም ማየት፦ አባትሽን ይዘሽ ሂጂ

እህቴ፣ የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ ለሕዝብ የሚያሳያቸውን የቆዩ ፊልሞች ለማየት ተማሪ መሆን ግድ ነው ወይ፣ እንግሊዝኛ እምብዛም የማይሰሙት ለአባቴስ ምን ይጠቅማቸዋል ብለሽ ጠይቀሻል። ተማሪ መሆን አያስፈልግም። አባትሽን ደግሞ ይዘሻቸው ሂጂ፤ እኔ አጎቴን ወስጄ አይቼዋለሁ።

ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብቶ ሲፈልግ ይደክማል። ፊልሙ የሚታየው ግን ዌስትዉድ ሰፈር፣ ዊልሻየር ጎዳና ላይ ባለው ሀመር ሙዚየም ውስጥ፣ ቢሊ ዋይልደር በሚባለው አዳራሽ ነው። ሦስት መቶ ሰው እንኳ የማይዝ አዳራሽ ነው። እኔ መሄድ ስጀምር ይከፈል ነበር፤ አሁን በለጋሽ ስጦታ መግቢያው ነፃ ሆኗል። ትኬቱ ቀድሞ ለመጣ ስለሚሰጥ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም በሉ። ከፌርፋክስ ሰፈር በኩል ከሆነ የምትነሱት፣ አርብ ማታ ዊልሻየር እንዴት እንደሚጨናነቅ እስካሁን ሳታይው አልቀረሽም።

አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ «እንግሊዝኛውን ማን ሊሰማልኝ ነው?» ብለው እምቢ አሉኝ። ድምፅ አልባ ፊልም ነው፣ ሰው ፒያኖ እየተጫወተ ነው የሚታየው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ፒያሳ የህንድ ፊልም ስናይ ህንድኛ እናውቅ ነበር እንዴ?» ብለው ኮታቸውን አነሱ። የዚያን ቀን የታየው ኮሜዲያኑ በስተር ኪተን እ.ኤ.አ. በ1928 የሠራው ፊልም ነበር። አውሎ ነፋስ ሲነሣ አንድ ሙሉ የቤት ግድግዳ በቁሙ ይወድቅበታል፤ ሰውየው የቆመበት ላይ የመስኮቱ ክፍተት ስለደረሰ ግን ሳይነካው ያልፋል። አጎቴ ክንዴን ጨምድደው «በስመ አብ!» አሉ፣ ጮክ ብለው። ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው ፈገግ አሉላቸው። ጥግ ላይ ፒያኖ ተጫዋቹ ቀና ብሎ ስክሪኑን እያየ፣ ጣቶቹን አንዴም ዝቅ ብሎ ሳያይ ይጫወታል። ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ግድግዳው እንዴት እንደወደቀ በእጃቸው ሲያሳዩኝ መንገዱ አለቀ።

«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚልሽ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙው አለ። ግን ከፊልም ጥቅል የሚወጣው ጥቁር፣ ስልክ ላይ ከምታይው ጥቁር ጋር አንድ አይደለም። እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ፊልም ይታተምበት የነበረው ናይትሬት የሚባል ጥሬ ዕቃ ቶሎ እሳት ስለሚይዝ፣ እሱን ማሳየት የሚችሉ አዳራሾች አሜሪካ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይሄ አንዱ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ከፊልሙ ስም አጠገብ 35 ሚሊሜትር (የፊልም ጥቅሉ ስፋት ነው) ወይም ናይትሬት የሚል ካየሽ አትለፊው።

እኛን በቀጥታ የሚነካም ነገር አለ። የጎንደሩ ልጅ፣ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተማረው እዚሁ ዩሲኤልኤ ነው። እንደ ቻርለስ በርኔት ካሉ ጥቁር ተማሪዎች ጋር፣ ሆሊዉድ ጥቁር ሰውን በሚያሳይበት መንገድ አንሠራም ብለው በትንሽ ገንዘብ የራሳቸውን ፊልም ሠሩ። እነዚህን ፊልሞች የሚያሳየው የዩሲኤልኤ የፊልም ማከማቻ (አርካይቩ) እነዚህን ሥራዎች እየሰበሰበና እየጠገነ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 «ኤል ኤ ሪቤልየን» (የሎስ አንጀለስ አመፅ) ብሎ ለሳምንታት አሳያቸው። የኃይሌ «ቡሽ ማማ» ሲጀምር ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ትወና አይደለም፤ የሚፈተሹት ፊልሙን ይቀርጹ የነበሩት ኃይሌና ጓደኞቹ ራሳቸው ናቸው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያን ትዕይንት ተረጋግቼ ማየት አልቻልኩም።

አገር ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1974 የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን በአማርኛ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን፣ ስለ ገበሬና ስለ ባለርስት። ይህ ፊልም በየትኛውም አዳራሽ ይታያል ሲባል ከሰማሽ፣ አንድም ቀን ቢሆን ከሥራ ፈቃድ ጠይቂና አባትሽን ውሰጃቸው። ያን ቀን ሌላው ሰው ከግርጌ ያለውን ጽሑፍ ሲያነብ፣ ዓይናቸውን ከሰዎቹ ፊት ሳያነሡ የሚያዩት እሳቸው ይሆናሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ፒያኖ ያለበትን ድምፅ አልባ ፊልም ምረጪላቸው። ጃኬት ያዢላቸው፣ አዳራሹ ይቀዘቅዛል። የምትሄዱበትን ቀን ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ እኔም እመጣለሁ።