ጽጌረዳው ለምን አንገቱን ደፋ?

ጥያቄ፦ ለሠርግ ጠረጴዛ ጽጌረዳ፣ የአበባ ግንድ በሚሰካበት ውሃ ያዥ አረንጓዴ ስፖንጅ ፈንታ፣ በተጠቀለለ የዶሮ ቤት ሽቦ ደረደርኩ። በማግስቱ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የሽቦው ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሽቦውን መምረጥዎ እንዲያውም ደስ ያሰኛል። ስፖንጁ ፕላስቲክ ነው፤ ተፈርፍሮ ከውሃ ጋር ይሄዳል። የለንደኑ የቼልሲ አበባ ትርኢት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሎታል።

አበባው አንገቱን የሚደፋው አየር ወይም ባክቴሪያ በግንዱ ውስጥ ያለውን የውሃ መንገድ ሲዘጋው ነው። ከመደርደርዎ በፊት ግንዱን ውሃ ውስጥ እንዳለ ከጫፉ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር በሰያፍ ይቁረጡ፤ በተሳለ ቢላ ይሁን፣ የደነዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ያራግፉ፤ በጥልቅ ባልዲ ቢያንስ 4 ሰዓት ያቆዩት። የደፋውን እንደገና ቆርጠው፣ ከነአበባው ለብ ባለ ውሃ 1 ሰዓት ያስተኙት። ውሃው ሲጎድል ይሙሉ፤ ባክቴሪያውን ለመግታት ለ1 ሊትር ጥቂት ጠብታ በረኪና ይበቃል።