አፍንጫ ይሮጣል እንዴ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከወር በፊት በዚህ ዓምድ ጥግ ላይ «ራን» ስለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። መልሱ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ዳር ከሚገኙት ከተሞች ሁሉ መጣ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ «ራን ማለት ሮጠ» እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ሰው ነኝና ለተፈጠረው ግራ መጋባት ከፊሉ የእኔ ዕዳ ነው። ዛሬ ልክፈል።

«መምህራችን ‹ራን› ማለት ሮጠ ነው አሉን። መጽሐፋችን ግን ወንዙም፣ መንገዱም፣ ሆቴል የምታስተዳድረው ሴትዮም ‹ራን› ያደርጋሉ ይላል። ይህ ቃል ስንት ትርጉም አለው?» የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፍኖተ ሰላም

ልጄ፣ መምህርህ አልተሳሳቱም፤ ከብዙው አንዱን ነግረውሃል። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግሱን ብቻ ይዘው ሲቆጥሩ 645 ፍቺ አግኝተውለታል። ፒተር ጊሊቨር የተባሉት አዘጋጅ በዚህ አንድ ቃል ላይ ዘጠኝ ወር ሠርተዋል፤ የእርግዝና ዘመን ማለት ነው። ከዚያ በፊት የብዛቱን ማዕረግ ይዞ የኖረው «ሴት» የሚለው ቃል ነበር (የእኛዋ ሴት አይደለችም፣ ማስቀመጥና ማዘጋጀት የሚለው ነው)፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም 430 ፍቺ ነበረው።

ቁጥሩ አያስደንግጥህ። አብዛኛው የሚመዘዘው «ሳይቋረጥ መሄድ» ከሚል አንድ ሐሳብ ነው። ሰከላ ላይ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውኃ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ የእህል ወፍጮው ሞተር ሳይቋረጥ ይዞራል፤ ሆቴሉም እንዳይቆም የምታደርገው ባለቤቲቱ ናት። ሁሉም «ራን» ይባልላቸዋል። እኛስ ብንሆን «ሰዓቱ አይሄድም»፣ «ሥራው ጥሩ እየሄደ ነው»፣ «ይህ መንገድ ወደ ቢቸና ይሄዳል» እንል የለም? መንገዱ ግን ከተነጠፈበት ተነሥቶ አያውቅም።

«የዓባይን ቁልቁለት ስወርድ መንገድ ዳር የቆመ መኪና አየሁ። ፈረንጁ እጁን እያወዛወዘ ‹ራን አውት! ጋዝ!› አለኝ። ጋዝ ሊፈነዳ ነው፣ ሮጠህ ውጣ ያለኝ መስሎኝ መኪናዬን ትቼ ሽቅብ ሮጥኩ። እርሱም የሆነ ነገር ያየሁ መስሎት ተከትሎኝ ሮጠ። ምን ማለቱ ነበር?» የጭነት መኪና ሹፌር፣ ደጀን

አያ፣ ይህን ደብዳቤ ለባለቤቴ ሳነብላት ቡናው ገነፈለ። ሰውየው ቤንዚን አልቆበት ነው። አሜሪካውያን ቤንዚንን «ጋዝ» ይሉታል፤ «ራን አውት ኦፍ» ደግሞ አለቀብኝ ማለት ነው። «ኦፍ» የምትባለዋ ትንሽ ቃል በጩኸቱ መካከል ስለጠፋች ነው ሁለታችሁም ለሩጫ የበቃችሁት።

ልብ ልትለው የሚገባህ ግን ሌላ ነገር አለ። በእንግሊዝኛው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰውየው ነው፤ ሮጦ ሮጦ ከነዳጁ የወጣ ያህል ነው አነጋገሩ። በአማርኛ ባለቤቱ ነዳጁ ነው፤ የሚያልቀው እርሱ ነው፣ ሰውየው የሚገባው በመጨረሻዋ «ብኝ» ብቻ ነው። «ነዳጁ አለቀ» ወሬ ነው፤ «ነዳጁ አለቀብኝ» ግን አቤቱታ ነው። እንግሊዝኛ ይህችን «ብኝ» የሚያክል ነገር ስለሌለው «ራን»ንና «አውት»ን አጋብቶ ይቸገራል። ቃል በቃል ልተርጉም ያለ ሰው እዚህ ላይ ነው ገደል የሚገባው።

ለሹፌር የሚጠቅሙ ሁለት ዘመዶቹን ልጨምርልህ። «ራን ኦቨር» በመንኮራኩር መዳጥ ነው፤ እግዜር ይሰውርህ። «ራን ኢንቱ» ግን ሁለት ፊት አለው፤ ሳያስቡት መገናኘትም ነው፣ መጋጨትም ነው። አንድ ሰው ገበያ ላይ አጎቱን «ራን ኢንቱ» ካደረገ ሰላምታ ነው። አንተ መሪ ይዘህ ካደረግኸው ግን ትራፊክ ፖሊስ ይጠራል።

«ልጄ ከውጭ አገር በስልክ የላከችልኝን መልእክት የጎረቤት ልጅ ሲያነብልኝ የልጅ ልጄ አፍንጫ ‹ይሮጣል› አለኝ። ትኩሳትም ይሮጣል አለ። አፍንጫ ይሮጣል እንዴ?» እናት፣ ዳንግላ

እናቴ፣ አይሮጥም፤ ንፍጡ ነው የሚወርደው። ትኩሳቱም ሕፃኑ አተኮሰው ማለት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ጎረቤትዎ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ያስተማርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ምናልባት ልጅዎ ሌላ ጊዜ አንድ ነገር ቤተሰቡ ውስጥ «ይሮጣል» ብላ ብትጽፍ ደግሞ በዘር የሚወርድ ማለቷ ነው። ይመልከቱ፤ ንፍጥም ይወርዳል፣ ውኃም ይወርዳል፣ ዘርም ይወርዳል። እነርሱ ሦስቱንም ያስሮጣሉ፣ እኛ ሦስቱንም እናወርዳለን። ለሕፃኑ ምሕረት ያውርድለት፤ ይኸው አራተኛው።

«ሥልጠና ላይ ‹ባንክ ራን› የሚል ነገር ሰማሁ። ባንክ ማስተዳደር ማለት ነው?» የባንክ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር

ቃላቱን ብትገለብጣቸው ልክ ነበርህ። «ራን ኤ ባንክ» ባንክ ማስተዳደር ነው፤ «ባንክ ራን» ግን አስተዳዳሪው እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር ነው፤ አስቀማጮች ባንኩን መተማመን አቅቷቸው ገንዘባቸውን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ሲጎርፉ። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ አብዛኛውን ስለሚያበድር ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ቢመጣ ካዝናው አይበቃም፤ ጤነኛ የነበረውንም ባንክ ወሬው ብቻ ሊጥለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 እንግሊዝ ውስጥ ኖርዘርን ሮክ በተባለው ባንክ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ታይቷል። በመጋቢት 2023 ደግሞ የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ፤ በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ያኔ ሰልፍ አላስፈለገም፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ነው የሮጠው።

«ኮምፒውተሩ ላይ ‹ራን› የሚለውን ስጫን ምን እያልኩት ነው?» ባለ ሱቅ፣ ቡሬ

ፕሮግራሙን አስጀምርና አስኪድ እያልኸው ነው። ምንም የሚሰበር ነገር የለም፣ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፕሮግራም ካልሆነ በቀር።

«ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ‹ይሮጣል› ወይስ ‹ይቆማል›?» ተማሪ፣ እንጅባራ

አሜሪካ ከሆነ ይሮጣል፣ እንግሊዝ ከሆነ ይቆማል። ሁለቱም ድምፅ ፍለጋ ነው።

«አንድን ቃል ይህን ያህል ሸክም ማሸከም የቋንቋ ድህነት አይደለምን? የእኛ አማርኛ ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ ቃል አለው።» ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሞጣ

የኔታ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህስ አልስማማም። እርስዎ ያሉበት አገር የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት ጎጃም። ኅብር የምንለው አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ተሸክሞ ሲገኝ አይደለምን? አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲይዝ «ድሀ ነው» ያለ የቅኔ መምህር አልሰማሁም፤ «ይበል!» ነው የሚባለው።

ከቅኔው ወርደን ደግሞ «ፈታ» የሚለውን ተራ ግስ እንያዝ። ገበሬው ማታ በሬውን ይፈታል። ዳኛው እስረኛውን ይፈታል። ባል ሚስቱን ይፈታል፣ ሚስትም ባሏን። ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም ፈታ። ልጆች እንቆቅልሽ ይፈታሉ። ሁዳዴን የጾመ በፋሲካ ጾሙን ይፈታል። መሪው የወደቀበት ጦር ይፈታል። መካኒኩ የሚጨብጠው ብረት መፍቻ ነው። ሕፃን አፉን የፈታበት ቋንቋ ደግሞ የእናቱ ቋንቋ ነው። መተሳሰር ከሚለው አሳብ ተቃራኒ ሆኖ ሁሉም ከአንድ ቋጠሮ ይወጣል፤ ልክ እንደ «ራን»። እኛ ግን አፋችንን የፈታንበት ስለሆነ ብዛቱ አይታየንም። የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሲማር «ፍቺ» የቃል ትርጉምም የትዳር መፍረስም መሆኑን ሲሰማ የሚያሳየውን ፊት ቢያዩት ኖሮ ለፍኖተ ሰላሙ ተማሪ ያዝኑለት ነበር።

በአንድ ነገር ግን፣ በደብዳቤዎ ግርጌ ስለ አጻጻፌ በሰነዘሩት ነቀፋ፣ እርስዎ ረትተውኛል። ባለፈው ጊዜ የአሁኑንም የኃላፊውንም ግስ «ራን» ብዬ በአንድ ፊደል ጽፌያለሁ። ኃላፊው ወደ «ሬን» የቀረበ ድምፅ አለውና ለይቼ መጻፍ ነበረብኝ።

«ድርሰቴን መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ ‹ራን ኦን› ብላ መለሰችልኝ። ‹ሩጪ፣ ቀጥዪ› ማለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሁለት ገጽ ጨመርኩበት። ሌላ ‹ራን ኦን› ተጻፈብኝ። ከጽሑፌ ይህን ልኬያለሁ፦ ‹ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር ሂ ግሮውስ ጤፍ›።» የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቢቸና

ልጄ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር (እዚህ ‹አባቴ ገበሬ ነው› እና ‹ጤፍ ያመርታል›) ያለ ነጥብና ያለ መስተጻምር ተጣብቀው ሲሄዱ ነው እንዲህ የሚባለው፤ አማርኛ ላይ አራት ነጥብ ረስተሽ እንደ መቀጠል ነው። ከ«ፋርመር» በኋላ ነጥብ አድርጊና «ሂ»ን በትልቁ ፊደል ጀምሪው። የተጨመሩትንም ሁለት ገጾች እንዲሁ አርሚያቸው፤ አትጣያቸው። አባትሽን ሰላም በይልኝ፤ የቢቸና ጤፍ እዚህም ይፈለጋል።