ሰብኔቲንግ አልገባ ብሎኝ ዲፓርትመንት ልቀይር ነው

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ከረማችሁ። አዘዞ ነው የምኖረው፣ እዚሁ ጎንደር ኮሌጅ ኔትወርክ እየተማርኩ ሌቭል 3 ደርሻለሁ። ችግሬ ምን መሰላችሁ ላብ ውስጥ ስዊቹ (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን) አንድ ነው እኛ ከ30 በላይ ነን፣ ተራ ደርሶኝ የነካሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ሰብኔቲንግ (አንድን ኔትወርክ ወደ ትናንሽ መከፋፈል) ደሞ ክላስ ውስጥ የገባኝ ይመስለኛል ቤት ሄጄ ስሞክረው ጥፍት ይልብኛል። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) እየደረሰ ነው፣ ወንድሜም አካውንቲንግ ይሻልሽ ነበር እያለ ነው። ልቀይር ወይስ ልቀጥል? ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦ እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። እኔ አትቀይሪ ነው የምልሽ። ሰብኔቲንግ የሚጠፋብሽ በፎርሙላ ስለያዝሽው ይመስለኛል፣ እስቲ እንደ መሬት አስቢው። 192.168.1.0 ስላሽ 24 ማለት 256 አድሬስ (የኮምፒውተር መለያ ቁጥር) ያለው አንድ ሰፊ ግቢ ነው፣ ከስላሹ በኋላ ያለው ቁጥር የግቢውን ስፋት ይነግርሻል። ስላሽ 26 ስታደርጊው ለአራት ወንድማማች ተካፈለ ማለት ነው፣ ለእያንዳንዱ 64 ደረሰው፣ ድንበሩ 0፣ 64፣ 128 እና 192 ላይ ነው። ከየድርሻው የመጀመሪያው የኔትወርኩ መጠሪያ ነው የመጨረሻው ብሮድካስት (ለሁሉም በአንዴ የሚላክበት) ነው፣ ስለዚህ ለኮምፒውተር የሚሰጠው 62 ብቻ። አሁን መጨረሻው 60 የሆነ ኮምፒውተርና 70 የሆነ ኮምፒውተር አንድ ስዊች ላይ ብትሰኪያቸው ለምን በፒንግ (አለህ ወይ ብሎ መጠየቂያ ትእዛዝ) እንደማይደራረሱ ይታይሻል፣ አጥሩ 64 ላይ ነዋ፣ ለመገናኘት የተለያዩ ኔትወርኮችን የሚያገናኝ ራውተር ይፈልጋሉ። በቀን አምስት አምስት ጥያቄ በወረቀት ስሪ፣ ካልኩሌተር አትንኪ።

ስዊች የለም ላልሽው ፓኬት ትሬሰርን (ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ መስሪያ ፕሮግራም) ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ፣ የሲስኮ ኩባንያ ነው በነፃ ነው፣ ለማውረድና አካውንት ለመክፈት ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሂጂ። የራስሽ ላፕቶፕ ከሌለሽ ካላት ጓደኛሽ ጋር ሁናችሁ ስሩ።

ኬብል ግን በእጅ ካልሆነ አይለመድም። የኬብሉ ጫፍ ላይ ሽቦዎቹ የሚደረደሩት እንዲህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ነጭ አረንጓዴ ላይ ሲደርስ ነው፣ እጅ ወዲያው አረንጓዴውን ማስከተል ይፈልጋል፣ እዛ ጋ መሀል የሚገቡት ሁለቱ ሰማያዊዎች ናቸው። ካሜራና ኔትወርክ የሚዘረጉ ልጆች ከተማው ውስጥ አሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያችሁ ልስራ ብለሽ ጠይቂ፣ ክፍያ ባይኖረው እንኳን እጅሽ ይፈታል።

አንድ የገጠመኝን ልንገርሽ። ፒያሳ አካባቢ አንድ መስሪያ ቤት ኔትወርክ ጠፋ ተብዬ ሄድኩ፣ ግማሹ ኮምፒውተር ይሰራል ግማሹ አይሰራም። ስዊች አጥፍቼ አበራሁ፣ ኬብል ቀያየርኩ፣ ግማሽ ቀን ሄደ። በኋላ ከማይሰሩት አንዱ ላይ ቁጭ ብዬ አይፒኮንፊግ (አድሬሱን የሚያሳይ ትእዛዝ) ስል አድሬሱ 192.168.0 ብሎ ይጀምራል፣ የመስሪያ ቤቱ ግን በ10 ነው የሚጀምረው። ለካ አንዱ ሰራተኛ ለስልኩ ዋይፋይ እንዲሆነው ብሎ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ጠረጴዛ ስር ሰክቷል፣ ራውተሩ ደሞ ዲኤችሲፒው (አድሬስ በራሱ የሚያድለው) ክፍት ስለሆነ ለቀደመው ኮምፒውተር ሁሉ የራሱን አድሬስ ያድላል። ነቀልኩት፣ አድሬሱን አሳደስኩ፣ ተስተካከለ። ቁጥሩን መጀመሪያ ባነበው ኖሮ የ10 ደቂቃ ስራ ነበር። ስለዚህ ኔት ጠፋ ሲሉሽ ምንም ሳትነቅዪ አድሬሱን አንብቢ፣ በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ አድሬስ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ የሰጠው ነው፣ ትክክል ከሆነ ጌትዌዩን (ወደ ውጪ የሚያወጣውን ራውተር) ፒንግ አድርጊ፣ እሱ ከመለሰ ወደ ውጪ 8.8.8.8ን (የጉግል ሰርቨር ነው) ሞክሪ። የት ጋ እንደተቆረጠ በዚህ ይታወቃል።

ወንድምሽን አትቀየሚው፣ አስቦልሽ ነው። ለሁለት ሳምንት እንዳልኩሽ ሞክሪና ይቺን ሰርተሽ ላኪልን፦ 192.168.1.200 ስላሽ 27 የትኛው ድርሻ ውስጥ ነው፣ ብሮድካስቱስ ስንት ነው?