«ኢትዮጵያን ሜሎዲስ» የሚል የኖታ ሽፋን ላገኙት እህታችን

ጠያቂዋ እህታችን ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ያርድ ሴል የገዙትን የቆየ የሙዚቃ ኖታ ፎቶ ለጥፈው ሦስት ነገር ጠይቀዋል፤ ሽፋኑ ላይ በትልቁ በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያን ሜሎዲስ» (የኢትዮጵያ ዜማዎች) ስለሚል የአገራችን ዜማ ነው ወይ፣ ኅትመቱ በእርግጥ የቆየ ነው ወይስ በኋላ የተባዛ፣ በመስታወት አስገብቼ ሳሎን ብሰቅለውስ የሚሉ ናቸው። እንዲህ ያሉ ኖታዎችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ እኔም አንድ ጊዜ ለራሴ በስህተት መልሼው ስለነበር ሰፋ አድርጌ ልጻፍልዎ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዜማው የእኛ አይደለም። በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ኢትዮጵያን» የሚለው ቃል በኖታ ሽፋን ላይ የሚጻፈው የአንድ የመድረክ ንግድ መጠሪያ ሆኖ ነው። ነጭ ዘፋኞች ቡሽ አቃጥለው በጥቀርሻው ፊታቸውን ያጠቁሩና የጥቁር አሜሪካውያንን አነጋገርና ውዝዋዜ እያጣመሙ ሕዝብ ያስቁ ነበር፤ ትርዒቱ ሚንስትረል ይባላል። በ1843 ኒውዮርክ ውስጥ ቨርጂኒያ ሚንስትረልስ የተባሉ አራት ሰዎች በቡድን ካቀረቡት በኋላ በፍጥነት ተስፋፋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኢትዮጵያን ሴሬናደርስ የሚባል ሌላ ቡድን በፕሬዚዳንት ጆን ታይለር ዘመን ዋይት ሐውስ ድረስ ገብቶ ተጫውቷል፤ በ1846 ደግሞ ለንደን ተሻግሯል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አገራችንን በዓይኑ ያየም፣ ዜማዋን በጆሮው የሰማም አልነበረም።

ስሙ ወደዚያ የደረሰው በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ነው። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ልክ እንደ እኛው አማርኛ ኩሽ የሚለውን በብዙ ቦታ ኢትዮጵያ እያለ ስለተረጎመው፣ በኤርምያስ 13፥23 ኢትዮጵያዊ መልኩን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን የሚለውን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ አሜሪካዊ ኢትዮጵያዊ ሲባል የሚታየው በደፈናው ጥቁር ሰው ነበር። አሳታሚዎቹም ቃሉን የወደዱት የመጽሐፍ ቅዱስ ለዛ ስላለውና በጨዋ ቤት ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ስለማያሳፍር ይመስለኛል።

እርስዎ በለጠፉት ፎቶ ላይ ከላይ ሱፍ የለበሱ፣ ጸጉራቸውን ያበጠሩ ነጭ ወንዶች ተደርድረዋል፤ ከታች ፊታቸው የጠቆረ፣ አፋቸው ከልክ በላይ የተለጠጠ ሰዎች ባንጆና ታምቡሪን ይዘው ይታያሉ። ከላይና ከታች ያሉት ሰዎች አንድ ናቸው። ይህ አሣሣል በዘመኑ የተለመደ ነበር፤ ኖታውን ለሴት ልጁ የሚገዛው አባት ዘፋኞቹ እንደ እርሱ ያሉ ነጮች መሆናቸውን ከሽፋኑ እንዲረዳ ያደርገዋል። እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ የላይኛውን ረድፍ አሳታሚዎቹ ናቸው፣ የታችኛውን ደግሞ የአገራችን አዝማሪዎች ናቸው ብዬ ነበር። ኖታውን በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለሚዘጋጅ ትንሽ ዐውደ ርዕይ ይዤ ስሄድ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና ጣታቸውን በታችኛው ረድፍ ላይ አድርገው ምን እንደሆነ ነገሩኝ። እሳቸው በልጅነታቸው የዚህን ሥዕል ዘሮች በሳሙናና በፓንኬክ ማሸጊያ ላይ እያዩ ነው ያደጉት። የአገሬ ስም ለእሳቸው እንዲህ ባለ ሥዕል ላይ ተጽፎ እንደኖረ ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

የዘመኑ ዋና ደራሲ ስቲቨን ፎስተርም በዚሁ ንግድ ውስጥ ያለፈ ነው። ፈርዝ ፖንድ የተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ በ1849 ሥራዎቹን «ፎስተርስ ኢትዮጵያን ሜሎዲስ» በሚል ተከታታይ አወጣለት። በ1851 «ኦልድ ፎክስ አት ሆም» ሲታተም ግን ሽፋኑ ላይ በደራሲነት የተጻፈው የሚንስትረሉ አለቃ የኢ. ፒ. ክሪስቲ ስም ነበር። ፎስተር በግንቦት 1852 ለክሪስቲ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰዎች ለኢትዮጵያን ዘፈኖች ያላቸው ንቀት ሌላውን ሥራዬን ይጎዳብኛል ብዬ ስሜን ደብቄ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን ያለ ፍርሃትና ያለ ኀፍረት በስሜ ልቀጥልበት እፈልጋለሁ ይለዋል። ስለዚህ በእነዚህ ሽፋኖች ላይ ያለውን የደራሲ ስም እንኳ እንዳለ መቀበል አይቻልም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ዕድሜውን ለማወቅ ከሥዕሉ ይልቅ በገጹ ግርጌ ያለችውን ደቃቅ መስመር ያንብቡ። መብቱ የተመዘገበው በአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ነው የሚል ከሆነ ምዝገባው ከ1870ው ሕግ በፊት ነው፤ ዋሽንግተን ባለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ዘንድ የሚል ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው። ሆኖም የተጻፈው ዓመት መብቱ የተያዘበት እንጂ ወረቀቱ የታተመበት ላይሆን ይችላል፤ በደንብ የተሸጠ ኖታ በዚያው ዓመተ ምሕረት ለዓመታት ይታተም ነበር። እዚህ ላይ የሚረዳው የአሳታሚው አድራሻ ነው። ለምሳሌ ፈርዝ ፖንድ መጀመሪያ ፍራንክሊን ስኩዌር ቁጥር 1፣ ኋላ ደግሞ ብሮድዌይ 547 ስለነበር 1851 የሚል ዓመትና የብሮድዌይ አድራሻ አብረው ከተገኙ ወረቀቱ የኋላ ኅትመት ነው። በትንሽ ኮከብ ውስጥ 2½ የሚል ቁጥር ካዩ ዋጋው ነው፤ ሃያ አምስት ሳንቲም ማለት ነው።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ይያዙ። ያ ዘመን ሥዕሉን የሚያትመው በድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ እየሣለ ስለነበር፣ ጥላው በሻካራ ግድግዳ ላይ በከሰል እንደተጫረ የተበታተነ ቅንጣት ሆኖ ይታያል። በረድፍ የተሰለፉ ነጠብጣቦች ካዩ ሥዕሉ ከፎቶግራፍ የተባዛ ነው። የውስጥ ገጾቹ ኖታ በአንጻሩ በብረት ሰሌዳ ላይ እየተቀረጸ ይታተም ነበርና በኅዳጉ ላይ ጣትዎን ቀስ ብለው ሲያሳልፉ የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን የተጫነበት ሰምበር ብዙ ጊዜ ይዳሰሳል። እኔ ለአሠርት ዓመታት እንደኖረ የተነገረኝን አንድ ኖታ ከአንድ ነጋዴ በውድ ዋጋ ገዝቼ፣ ቤት ስደርስ ይህ ሰምበር የሌለው፣ ሥዕሉም በነጠብጣብ የተሞላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ወረቀቱም ይናገራል፤ ከጨርቅ የተሠራው የቀድሞው ወረቀት ዛሬም ሲያጥፉት ይታዘዛል፣ ከእንጨት የተሠራው የኋላው ግን ቡናማ ሆኖ ጫፉ ይፈረካከሳል። በግራ ጠርዙ የመርፌ ቀዳዳዎች ካሉት አያሳስብዎ፤ ባለቤቶቹ ኖታዎቻቸውን በአንድ ጥራዝ ያሰፉ ስለነበር የተለመደ ነው።

ስለ መስቀሉ አስተያየቴን ከጠየቁኝ አይስቀሉት። እንግዳ ሁሉ ይህን ታሪክ እያነበበ አይገባም፤ ልጆችዎም የሚያስታውሱት ሥዕሉን ብቻ ነው። አሲድ በሌለው አቃፊ ውስጥ በጠፍጣፋው ያስቀምጡት፤ የተቀደደም ቢሆን ፕላስተር አያስነኩት፣ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ቡናማ ያደርገዋል።

የሚሰቀል ነገር ከፈለጉ ግን በእርግጥ እኛን የሚመለከት አለ። በ1906 በርት ዊሊያምስና ጆርጅ ዎከር፣ ሁለቱም ጥቁር ተዋናዮች፣ «አቢሲኒያ» የተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር ኒውዮርክ ላይ አሳይተዋል፤ ሙዚቃውን ዊል ማሪዮን ኩክ ከዊሊያምስ ጋር ደርሶታል፣ ታሪኩም አሜሪካውያን መንገደኞችን ወደ ዐፄ ምኒልክ አገር የሚወስድ ነው። ከአድዋ ድል አሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዊሊያምስ መድረክ ላይ ፊቱን ያጠቁር ስለነበር ከዚያ ቅርስ ጨርሶ ነጻ የወጣ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ቦታው ምኒልክ ያሉበት አገር ነው፣ ታሪኩን የሠሩትም ጥቁሮች ናቸው። በዚያው ዘመን ጎተም አታክስ የተባለ የጥቁሮች አሳታሚ ድርጅት በዌስት 28ኛው ጎዳና ቁጥር 42 ላይ፣ በነጭ አሳታሚዎቹ መካከል ቢሮ ከፍቶ ይሠራ ነበር፤ በእጄ የገቡት ጥቂት ሽፋኖቹ ያ የተለጠጠ አፍ የለባቸውም። በየጨረታው ሳገላብጥ ዓይኔ የሚፈልገው ይህን አድራሻ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት በ1935 እና 1936 የወጡ የጣሊያን ዘፈኖች ኖታም ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ እነዚያ በእርግጥ ስለ እኛ ናቸው፣ ግን የወራሪው ቅስቀሳ ናቸውና እንደዚያው ሆነው ይያዙ።

የለጠፉት ፎቶ የታችኛውን መስመር ስለሚቆርጠው ዓመቱን ልነግርዎ አልቻልኩም። የግርጌውን ጽሑፍ፣ ኮከቡንና የግራ ጠርዙን በቀን ብርሃን ከቅርብ አንሥተው ቢልኩልኝ አሳታሚውንና አድራሻውን አይቼ እመልስልዎታለሁ።