እየጾሙ ኪሎ መጨመር፦ ለፍሬሽማኗ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ አሜሪካ ኮሌጅ ከገባሽ ሦስት ወር ሳይሞላ 4 ኪሎ ጨምረሻል፤ ረቡዕና ዓርብ ትጾሚያለሽ፣ ምሳም መብላት ትተሻል፣ ክብደቱ ግን አልቀንስ ብሏል። የብዙ ሐበሻ ተማሪዎች ችግር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

«ፍሬሽማን 15»፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ 15 ፓውንድ ይጨምራል እያሉ የሚያስፈራሩሽን አትስሚ። 15 ፓውንድ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል፤ ጥናቶች የሚያሳዩት አማካይ ጭማሪ ግን 3 ፓውንድ ገደማ ነው። ምንም የማይጨምሩም፣ የሚቀንሱም አሉ።

ምሳሽን ዛሬውኑ መብላት ጀምሪ። ቀኑን ሲራብ የዋለ ሰው ሌሊት ጥናት ላይ እጁ የሚዘረጋው ወደ ኑድልስ፣ ቺፕስና ፒዛ ነው። አንድ ቁራጭ ፒዛ 300 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በአንድ ቁራጭ የሚያቆም ደግሞ የለም። የተውሽው ምሳ እጥፍ ሆኖ ማታ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን የጾም ቀን ምግብሽን ተመልከቺ። ቤት ስትጾሚ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ጎመን ትበያለሽ፤ ጥራጥሬው ፕሮቲንና ፋይበር ስላለው ቶሎ አይርብሽም። ካፌው ውስጥ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበትን ስትፈልጊ ቀድሞ የምታገኚው የተጠበሰ ድንች፣ ፓስታ በቲማቲም ስጎ፣ ዳቦ በማርማላታ፣ ሲሪያል በአኩሪ አተር ወተት ነው። ጾምነቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ስታርች፣ ስኳርና ዘይት በዝቶበት ፕሮቲኑ ስለሚያንስ ብዙም ሳይቆይ ይርብሽና እንደገና ትበያለሽ። በሳምንት ሁለት ቀን ይህ ሲደጋገም ክብደት ይጨምራል። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ ከፋይናል ፈተናሽ ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ ከአሁኑ አስተካክዪው።

በጾም ቀን በቀጥታ ወደ ሰላጣው ጠረጴዛ ሂጂ። የሳህንሽን ግማሽ በአትክልት፣ ሩቡን በጥራጥሬ፣ ሩቡን በሩዝ ወይም በዳቦ ሙዪ። ጥራጥሬ ስል ሽምብራ፣ ጥቁር ባቄላ፣ ምስር ወይም ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ) ማለቴ ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሽምብራና ባቄላ ወደ 15 ግራም። ሰላጣው ላይ የሚፈሰውን ግን ተጠንቀቂ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ በጭልፋ ካፈሰስሽው ሰላጣው ከፒዛው ይበልጣል። የበሰለ አትክልትም ብዙ ጊዜ በቅቤ ይታሻልና ሠራተኞቹን ጠይቂ።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ በምሳና በእራት መካከል ካፌው ሊዘጋብሽ ይችላል። ብዙ ካፌዎች ይዘሽ የምትሄጂበት ዕቃ ይሰጣሉ፤ ኃላፊውን አነጋግሪና ምሳሽን ያዥ። ስትፈቺ ውኃና ጥራጥሬውን አስቀድሚ፣ ዳቦው ይከተል። ረመዳንን ለሚጾሙ ወንድሞችና እህቶችም ይኸው ይሠራል፤ የሱሑር ምግብ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ዶርም ውስጥ ምድጃ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ማይክሮዌቭ ካለ ግን ሽሮ ይሠራል። 3 የሾርባ ማንኪያ ምጥን ሽሮ በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ በደንብ በጥብጪ፤ በሙቅ ውኃ ከበጠበጥሽው ይጓጉላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ። ሳህኑ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ፣ ይገነፍላል። አንድ ደቂቃ አሙቂ፣ አማስዪ፣ እንደገና አሙቂ፤ ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪጠፋ አራት አምስት ጊዜ ይበቃል። የሌሊት ረሃብን ከኑድልስ በተሻለ ያስታግሳል።

ከቤት የሚላክልሽን ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ ከፌስታሉ እያነሳሽ አትብዪ። በትናንሽ ከረጢት ከፋፍዪው፤ 30 ግራም ኦቾሎኒ፣ አንድ እፍኝ ማለት ነው፣ 170 ካሎሪ ገደማ አለው። ጭኮ በቅቤ የታሸ ስለሆነ ትንሹም ብዙ ነው።

መጠጥ ላይ ምንም አላስታምምሽም። አንድ ጣሳ 355 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ። ካፌው ውስጥ ብርጭቆው ደግሞ ደጋግሞ ይሞላል። ጁስም፣ ክሬም ያለበት ቀዝቃዛ ቡናም ያው ናቸው። ይህን ብቻ በውኃና ስኳር በሌለው ሻይ የሚተካ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሳይነካ ለውጥ ያያል።

እንቅልፍሽ ከ7 ሰዓት አይነስ፤ ያልተኛ ሰው ይበልጥ ይርበዋል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ አውቶቡሱን ትተሽ ወደ ክፍል በእግርሽ ብትሄጂ ትሞዪዋለሽ።

ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ ብቻ ውጪ፤ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ፣ ምንም ሳትበዪ። ጨው የበዛበት ኑድልስ በበላሽ ማግስት ወይም ከወር አበባ በፊት የሚጨምረው በአብዛኛው ውኃ ነው፤ በእሱ አትደንግጪ። ቤተሰብ በቪዲዮ አይቶሽ «ተመችቶሻል» ቢልሽም በፍቅር የተባለ ነውና ምግብ እንዳያስተውሽ።

የማቅጠኛ ክኒንና የሚያስቀምጥ ሻይ አትንኪ፤ የሚወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፣ አንጀትንም ይጎዳል። አዲስ መድኃኒት ወይም የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀምረሽ ከሆነ፣ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት፣ የወር አበባሽ ከቀረ፣ ወይም ከበላሽ በኋላ ለማስመለስ የሚገፋፋሽ ነገር ካለ፣ የኮሌጁ ጤና ማዕከል ቀጠሮ ያዢ። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዳላቸውም ጠይቂ፤ ብዙ ኮሌጆች ለተማሪ በነፃ ያገናኛሉ። ስትሄጂ የሦስት ቀን ምግብሽን፣ አንዱ የጾም ቀን ሆኖ፣ ጽፈሽ ያዥ፤ ጾማችንን ስለማያውቁት ምን እንደማትበዪና እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆዪ ቀድመሽ ንገሪያቸው።