የባግራሙ ካርጎ አውሮፕላን ለምን ወደቀ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? እዚህ ዱባይ የካርጎ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። ትልቅ አውሮፕላን ገና ከመነሳቱ አፍንጫውን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ አየር ላይ የቆመ ይመስላል፣ ከዚያ ዘንበል ይልና ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ እሳት ነው። ከባልደረቦቼ አንዱ «ተመቶ ነው» ይላል፣ አንዱ «አብራሪው ነው ያጠፋው» ይላል፣ ሌላው «ጭነቱ ወደ ኋላ ሄዶበት ነው» ይላል። እኔ ቀኑን ሙሉ ጭነት ሳስር የምውል ሰው ነኝና እንቅልፍ ነሳኝ። እውነቱ የቱ ነው? ሁሉም ከሞቱስ በምን ታወቀ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቪዲዮው የሰሞኑ አይደለም። አፕሪል 29 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. አፍጋኒስታን ውስጥ ባግራም የሚባለው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ በመኪና ላይ በተገጠመ ካሜራ የተቀረጸ ነው። አውሮፕላኑ የአሜሪካው ናሽናል ኤርላይንስ ቦይንግ 747-400 ሲሆን ጉዞው ወዳንተው ከተማ ወደ ዱባይ ነበር። ሰባት ሰዎች ነበሩበት፣ አንድም አልተረፈም። ነፍሳቸውን ይማር።

«ተመቶ ነው» የሚለው ወሬ ያን ዕለትም ነበር። ታሊባን «እኔ ነኝ የጣልኩት» ብሎ ነበር፣ ግን ሐሰት ነው። ሦስተኛው ባልደረባህ ወደ እውነቱ በጣም ቀርቧል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አላገኘውም።

አውሮፕላኑ የጫነው አምስት ብረት ለበስ ወታደራዊ መኪናዎችን ነው። ሁለቱ እያንዳንዳቸው ወደ 12 ቶን፣ ሦስቱ ደግሞ ወደ 18 ቶን ይመዝናሉ። የተጫኑት ካምፕ ባስቲዮን በሚባል ሌላ የጦር ሰፈር ነው፣ ባግራም ያረፉት ለነዳጅ ብቻ ነበር። እዚያ ቆመው ሳለ ሠራተኞቹ ሲነጋገሩ ድምፃቸው ጥቁር ሳጥኑ ላይ ቀርቷል። አንድ ቀበቶ መበጠሱን፣ ጭነቱ ትንሽ ንቅንቅ ማለቱን፣ ማሰሪያዎቹ እንደገና እየተጠበቁ መሆኑን ያወራሉ። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ታላቅ ወንድሜ የአይሱዙ ሾፌር ነው፣ ጎሃ ጽዮን ሲደርስ የአባይን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ይወርድና ገመዱን በእጁ እየጎተተ ያያል። ከላላ ያጠብቀዋል። እሱ ግን ጥግ ይዞ መቆም ይችላል፣ 747 ከተንደረደረ በኋላ የት ጥግ አለው?

በምን ታወቀ ላልከው፣ የመጀመሪያው ምስክር መንደርደሪያው ራሱ ነው። ፍርስራሹ ካለበት ቦታ ወደ ኋላ፣ አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ባለፈበት አስፋልት ላይ የአውሮፕላኑ የገላ ቆርቆሮ ቁራጭ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ፣ እንዲሁም የአንዱ ወታደራዊ መኪና አንቴና ስባሪ ተገኘ። እስቲ አስበው፣ አውሮፕላን ውስጥ ታስሮ መቀመጥ ያለበት መኪና አንቴናው ውጭ አስፋልት ላይ ምን ይሠራል? ገና ከመሬት ሲለቅ ከውስጥ ወደ ውጭ የተበሳ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ምስክር ዝምታው ነው። ጥቁር ሳጥኖቹ የሚቀመጡት ጅራት አካባቢ ነው፣ ቅጂው ደግሞ አውሮፕላኑ ከመሬት በተነሳበት አፍታ ተቋርጧል። ሳጥኖቹ ያሉበት ቦታ ከውስጥ ተመቷል ማለት ነው።

የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በጁላይ 2015 ድምዳሜውን ሲያሳውቅ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከሁሉም ኋላ የታሰረው 12 ቶኑ መኪና ተፈታ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ የኋላውን ግድግዳ በስቶ ገባ። ሁለት የሃይድሮሊክ መስመሮችን አበላሸ፣ የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ወፍራም ብሎንም ከቦታው አንቀሳቀሰው። ባልደረባህ የሳተው እዚህ ጋ ነው። የክብደቱ መዛወር ብቻውን ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑን መቆጣጠር ይቻል ነበር። የገደላቸው የጅራቱ መበላሸት ነው። አብራሪዎቹ አፍንጫውን ወደ ታች ለማውረድ የሚታዘዝላቸው ጅራት አልነበራቸውም፣ ስለዚህ እባክህ «አብራሪው ነው» ለሚለው ሰው ይህን ንገርልኝ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ጥፋቱ የጫኙ ነው ማለት ነው? እኔም አንድ ቀን እንዲህ ልባል ነው? (ይኸው አንባቢ በሁለተኛ መልእክቱ።)

መልስ፦ እንዲህ በቀላሉ አይባልም። ጭነቱን ያሰረው ሎድማስተር እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ነበር፣ አብሯቸው ነው የሞተው። ሰውየው ደግሞ በዘፈቀደ አልሠራም። 12 ቶኖቹን እያንዳንዳቸውን በ24 ቀበቶ፣ 18 ቶኖቹን በ26 ቀበቶ አስሯል። ቁጥሩ ለሰሚው ብዙ ነው፣ ግን አልበቃም።

ለምን አልበቃም? መኪናዎቹ የቆሙበት ፓሌት፣ ማለትም ጭነት የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ መደብ፣ ወለሉ ላይ አልተቆለፈም ነበር፣ ያንን ሁሉ ክብደት የያዙት ቀበቶዎቹ ብቻ ናቸው። አንተ በሥራህ እንደምታውቀው ቀበቶ ላይ የተጻፈው ኪሎ የሚሠራው በሚስበው አቅጣጫ ልክ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የታሰረ ቀበቶ፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ብዙም አይዝም። ያያያዙበት ወለልም የራሱ አቅም አለው፣ ቀበቶው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ወለሉ ጠንካራ አይሆንም። ይህን ሒሳብ በትክክል ማስቀመጥ የነበረበት የኩባንያው መመሪያ ነው፣ እሱ ደግሞ ጉድለት ነበረበት። ቦርዱ ኩባንያውን ብቻ ሳይሆን የሚቆጣጠረውን የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤትም ወቅሷል። የሚገርመው፣ ሎድማስተር የሚባለው ሰው ፈቃድ እንዲኖረው የሚያስገድድ፣ የሥራ ሰዓቱንም የሚወስን ሕግ አልነበረም። የአብራሪው እንቅልፍ በሕግ ይለካ ነበር፣ 78 ቶን የሚያስረው ሰው ግን አይለካም ነበር! ቦርዱ ይህ እንዲስተካከል ጠይቋል።

እዚያው ዱባይ ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሳ ዩፒኤስ የሚባለው የአሜሪካ የጭነት ኩባንያ 747 ጭነቱ ውስጥ እሳት ተነስቶ ጭሱ አብራሪዎቹን አሳውሯቸው ወደቀ፣ ሁለቱም ሞቱ። ጭነቱ ውስጥ ብዙ ሊቲየም ባትሪ ነበር። እዚያ የማሰሪያ ነገር የለበትም፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ «ካርጎ የሚወድቀው በዚህ ነው» ብሎ አንድ ምክንያት ላይ መቸንከር አያስኬድም።

ላንተ የምለው ይህን ነው። ከባድና ከተለመደው ወጣ ያለ ዕቃ፣ ማሽን ወይም መኪና ሲመጣብህ «ስንት ቀበቶ ይብቃው?» ብለህ በግምት አትሥራ፣ አለቃህ በቃል ቢነግርህም የተጻፈ ስሌት ካለ እንዲያሳይህ ጠይቀው፣ የቀበቶው ማዕዘን የተካተተበት መሆኑንም እይ። የተበጠሰ ወይም የላላ ቀበቶ ካገኘህ ደግሞ ቀይረህ ዝም አትበል። ለምን እንደተበጠሰ ሳይታወቅ አውሮፕላኑ እንዳይነሳ ተናገር። ቢቆጡህም ተናገር።